ሦስት ሳምንት

አማርኛችን ለሕመምተኛ ሁለት ሰላምታ አዘጋጅቷል። ተኝቶ ስናገኘው «እግዜር ይማርህ» እንለዋለን። ተነሥቶ ከደጅ ስናየው «እንኳን እግዜር ማረህ» እንለዋለን። በሁለቱ መካከል ላለው ሰው ግን የምንለው የለንም። ትኩሳቱ ለቆታል፤ እህል መቅመስም ጀምሯል፤ ነገር ግን ጥቂት ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ከቀትር በኋላ እንቅልፍ ይጥለዋል። ለዚህ ሰው «እያገገመ ነው» የሚል ቃል አለን እንጂ ሰላምታ የለንም። ሰላምታ የሌለው ነገር ደግሞ ጊዜም አይሰጠውም። «እንኳን ማረህ» ከተባለበት ደቂቃ ጀምሮ ሰውዬው ጤነኛ ነው፤ ይላካል፣ ይሸከማል፣ ይወቀሳል። ተረታችን እንኳ ጥርጣሬውን የሚጥለው በእሱ ላይ ነው፤ «ታሞ የተነሣ እግዜርን ረሳ» ይለናል።

መጻሕፍትም ቢሆኑ ከዚህ ብዙ አይሻሉም። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ እንዳየሁት፣ በልቦለድ ውስጥ የታመመ ሰው ወይ ይሞታል፣ ወይ በሚቀጥለው ምዕራፍ ድኖ ብቅ ይላል። ማገገም ለደራሲ አይመችም። ምን ተፈጠረ ተብሎ ይጻፋል? ሰውዬው ዛሬ ከትናንት ትንሽ ይሻለዋል፤ ነገ ደግሞ ትንሽ ይብሰዋል። ይኸው ነው።

ይህን ጉዳይ እንዳነሣ ምክንያት የሆነችኝ አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። አንድ ምሽት ደወለችና «ጋሼ፣ ልጄን ሞኖ የሚሉት በሽታ ያዘብኝ» አለችኝ። ልጇ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነው፤ ለኮሌጁ ኳስ ይጫወታል። ጉሮሮው ቆስሎ፣ አንገቱ ሥር ንፍፊት አብጦ፣ በትኩሳት ሲቃጠል ሰነበተ። በአሥረኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው የስፖርት ቦርሳውን ማዘጋጀት ጀመረ። አሠልጣኙ «ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሜዳ አትረግጥም» ብሎታል። አዲስ አበባ ያለችው አያቱ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ በስልክ «አርባ ቀን ሳይሞላው ከአልጋ እንዳይወርድ! አጥሚት አጠጪው» ብላለች። ልጁ ደግሞ «ደህና ነኝ» ይላል። «ማንን ልስማ ጋሼ?» ነበር ጥያቄዋ።

መቼም መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሁሉ ለዘመዶቹ ግማሽ ሐኪም ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁምና «ሐኪሙን ስሚ» አልኳት። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ቀስ ብዬ ሳየው፣ የሕክምና ታሪክ ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከርበት የኖረ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለምጠቅስ አንባቢዬ ይታገሠኝ።

በመጀመሪያ በሽታው። በ1889 ኤሚል ፋይፈር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ትኩሳትና የንፍፊት እብጠት አብረው የሚታዩበትን ሕመም «የንፍፊት ትኩሳት» ብሎ ጠራው። በ1920 አሜሪካ፣ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ስፕረንትና ኢቫንስ የተባሉ ሐኪሞች ስድስት ወጣት ሕሙማንን መረመሩ። በደማቸው ውስጥ አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች ከልክ በላይ በዝተው ስላገኙ «ተላላፊ ሞኖኑክሊዮሲስ» የሚለውን ስም አወጡለት። በ1955 ደግሞ ሆግላንድ የተባለ የጦር ሠራዊት ሐኪም በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ እጩ መኮንኖች መካከል ያየውን ጻፈ፤ በሽታው የሚተላለፈው በምራቅ ነው፣ ይልቁንም በመሳሳም። «የመሳሳም በሽታ» የሚለው ቅጽል ስም ከዚያ ወዲህ ተጣብቆበት ቀረ። ልጇ ሞኖ እንደያዘው የነገሩን የሐበሻ እናት ሁለተኛ ድንጋጤ ከዚህ ስም የሚመጣ ይመስለኛል።

መንስኤው የተገኘው ግን ባልታሰበ መንገድ፣ በእኛው አህጉር በኩል ነው። በ1961 ዴኒስ በርኪት የተባለ፣ ካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ የነበረ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም፣ ለንደን ሄዶ የአፍሪካ ሕፃናትን መንጋጋ ስለሚያሳብጥ አንድ የካንሰር ዓይነት ንግግር አደረገ። ከአድማጮቹ አንዱ አንቶኒ ኤፕስታይን ነበር። ከዚያ በኋላ ከሕፃናቱ ዕጢ የተወሰደ ናሙና ከካምፓላ ወደ ለንደን በአውሮፕላን ይላክለት ጀመር። ሁለት ዓመት ያህል ምንም አልተገኘም። በ1963 መጨረሻ ለንደን በጉም ስለተሸፈነች አንዱ ናሙና የጫነው አውሮፕላን ማንቸስተር አረፈ፤ ናሙናው ሲደርስ ፈሳሹ ደፍርሶ ነበር። ተበላሽቷል ተብሎ ከመጣሉ በፊት በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ያደፈረሱት በሕይወት ያሉ የዕጢ ሴሎች ሆነው ተገኙ። ከእነዚያ ሴሎች ነው በ1964 ኤፕስታይን፣ ኢቮን ባርና በርት አቾንግ አዲሱን ቫይረስ ለዓለም ያሳወቁት።

ያኔም ቢሆን ይህ ቫይረስ ከሞኖ ጋር ዝምድና እንዳለው ማንም አላወቀም። በ1967 ፊላደልፊያ ውስጥ ቨርነርና ገርትሩድ ሄንለ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ቤተ ሙከራ ትሠራ የነበረች ወጣት ሞኖ ያዛት። ከመታመሟ በፊት በተደረገ ምርመራ በደሟ ውስጥ የቫይረሱ ምልክት አልነበረም፤ ከታመመች በኋላ ግን ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ግኝቱ ታተመ። የሚገርመው ቫይረሱ ብርቅ አለመሆኑ ነው፤ ከዓለም አዋቂዎች ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ተሸክመውታል፤ አንዴ ከገባም ዕድሜ ልክ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል።

ታዲያ አክስቴ ስለ ሞኖ ለምን አልሰማችም? መልሱ እዚህ ላይ ነው። እንደኛ አገር ልጆች ተጠጋግተው በሚያድጉበት፣ በአንድ ጣሳ በሚጠጡበት ቤት ቫይረሱ ገና በጨቅላነት ይገባል፤ በጨቅላነት ሲገባ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ወይም እንደ ተራ ጉንፋን ሆኖ ያልፋል። ለየብቻው ክፍል፣ ለየብቻው ብርጭቆ ባለበት አገር የሚያድግ ልጅ ግን ሳይዘው ይቆይና በጉርምስናው ያገኘዋል፤ ያኔ ነው የሚጥለው። እናም አያት የማታውቀውን በሽታ የልጅ ልጇ ባሕር ማዶ ይታመማል። የእኛ ሰው በተበተነበት ሁሉ ይህ ነገር መደጋገሙ አይቀርም።

አሁን ወደ አልጋው እንምጣ። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች አልጋን እንደ መድኃኒት ያዝዙት ነበር። ከሁሉ ስሙ የገነነው እዚያው ፊላደልፊያ የነበረው ሲላስ ዌየር ሚቼል ነው። ሕሙማኑን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ለሳምንታት አስተኝቶ፣ ወተት እያጠጣ፣ ከሰው ለይቶ ያቆያቸው ነበር። ከታካሚዎቹ አንዷ በ1887 እሱ ዘንድ የሄደችው ደራሲ ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን ናት። መጻፍ እስክትከለከል ድረስ እንድታርፍ ታዘዘች፤ ዕረፍቱ ወደ እብደት ጫፍ አደረሳት። በ1892 ያሳተመችው «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» የተሰኘ አጭር ልቦለድ ለዚያ ሕክምና የሰጠችው መልስ ነው። የቶማስ ማን «አስማተኛው ተራራ» በ1924 ታተመ፤ ባለታሪኩ የታመመ ዘመዱን ሊጠይቅ ለሦስት ሳምንት ብሎ ወደ ተራራው ማረፊያ ይወጣና፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ እየተኛ ሰባት ዓመት ይቀራል። ማገገም ለደራሲ አይመችም ያልኩትን የሚያፈርስ ካለ ይህ መጽሐፍ ነው። አልጋ የገባን ሰው አልጋው ራሱ እንዴት እንደሚያስቀረው ከዚህ በላይ የጻፈ አላየሁም።

ሐኪሞቹ ፊታቸውን ያዞሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1947 ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አልጋ ላይ መዋል ስለሚያመጣው አደጋ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። በእግር ሥር ውስጥ የሚረጋውን ደም፣ የሚሟሽሸውን ጡንቻ፣ የሚሳሳውን አጥንት፣ የሚቆስለውን ጀርባ አንድ በአንድ ቆጠረ። በ1966 ደግሞ በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ የሃያ ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሡ ሰውነታቸው በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ተከታዩ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚያኑ አምስት ሰዎች ፈልገው እንደገና ሲለኳቸው፣ ሠላሳ ዓመት እርጅና ያጎደለባቸው አቅም ሦስት ሳምንት አልጋ ካጎደለባቸው ያነሰ ነበር። በሞኖ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ1964 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ከታመሙ ተማሪዎች መካከል አልጋ ላይ እንዲቆዩ ከተገደዱት ይልቅ እንደ አቅማቸው እንዲንቀሳቀሱ የተፈቀደላቸው ቶሎ አገግመዋል።

እዚህ ላይ ብናቆም ልጁ አሸነፈ ማለት ነው። ቦርሳውን ያንሣ፣ ሜዳ ይግባ! ነገር ግን ሞኖ ከሌላው ሕመም የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ጣፊያ።

ጣፊያን የቆላ ሰው ያውቃታል፤ ወባ የደጋገመው ሰው ጣፊያው ያብጣል። በግራ ጎን፣ ከጎድን አጥንት ሥር ተሸሽጋ የምትኖር፣ ደም የምታጣራ ለስላሳ ብልት ናት። በሞኖ ጊዜ በነጭ ሴሎች ተሞልታ ታብጣለች፤ ሽፋኗም ይወጠራል፣ ይሳሳል። ያበጠች ጣፊያ ከተሰነጠቀች ደም ወደ ሆድ ውስጥ ይፈሳል፤ ቶሎ ካልተደረሰበት ይገድላል። ይህ የሚደርሰው ከሺህ ሕሙማን በአንዱ ወይም በሁለቱ ገደማ ላይ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አንዱ የራስ ልጅ ሲሆን ግን ትንሽ አይደለም። አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ አልፎ አልፎ እስከ ሁለት ወርም ይዘገያል። በክርን መመታት ወይም መውደቅ ግድ አይደለም፤ ምንም ሳይነካቸው የደረሰባቸው ብዙ ናቸው። ከባድ ነገር ለማንሣት ትንፋሽን ቋጥሮ ሆድን ማስጨነቅም አያዋጣም።

ሁለተኛው ችግር ጣፊያ አለመናገሯ ነው። ትኩሳት ይለቃል፣ ጉሮሮ ይድናል፣ ልጁ «ደህና ነኝ» ይላል፤ አልዋሸም። ጣፊያው ግን ገና አልረገበች ይሆናል። የሐኪም እጅ ሆድን ዳብሶ እብጠቷን ሁልጊዜ አያገኘውም። አልትራሳውንድም ቢሆን የሰው ጣፊያ መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ ሰውዬው ጤነኛ ሳለ ስንት እንደነበረች ካልታወቀ አንድ ጊዜ ለክቶ ቁርጡን መናገር ይቸግራል። ለዚህ ነው የስፖርት ሐኪሞች ከስሜት ይልቅ በቀን መቁጠሪያ የሚተማመኑት። የአሠልጣኙ ሦስት ሳምንት ከዚህ የመጣ ነው።

ሦስት ሳምንት ሲሞላስ? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ሦስት ሳምንት የመዳኛ ቀን አይደለም፤ ቀስ ብሎ የመጀመሪያ ቀን ነው። ያውም ትኩሳት ከሌለ፣ ጉልበት ከተመለሰ፣ ሐኪምም ካየው ነው። ከዚያ በፊት በቤትና በግቢ መንቀሳቀስ፣ አቅም በፈቀደ መጠን ወክ ማድረግ አይከለከልም፤ የዳላሶቹ ወጣቶች ያስተማሩን ይህንን ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ሲጀመር ቀድሞ ይሠራ ከነበረው ግማሽ ባልሞላ መጠን። ግፊያና ግጭት ያለበት ጨዋታ፣ ክብደት ማንሣት፣ ሆድ የሚያስጨንቅ እንቅስቃሴ ከሁሉ በኋላ ይመጣሉ፤ አራት ሳምንት ሳይሞላ ባይነኩ ይመረጣል፣ ከዚያም በላይ የሚያቆዩ ሐኪሞች አሉ። መለኪያው የዕለቱ ድካም አይደለም፤ የማግስቱ ነው። ትናንት የሮጠ ልጅ ዛሬ ከአልጋ መነሣት ካቃተው፣ መጠኑ በዝቷልና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለስ። በግራ ጎኑ ወይም በግራ ትከሻው ላይ ድንገተኛ ሕመም ከተሰማው፣ ራሱን ካዞረው ግን ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል።

ለእኛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ጉሮሮ ሲታመም «ቶንሲል ነው» ብሎ ፋርማሲ ጎራ ማለትና አሞክሳሲሊን መዋጥ ልማዳችን ነው። ሞኖ ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አያድነውም፤ ይልቁንም ብዙዎችን ሰውነታቸውን ሁሉ ሽፍታ ያለብሳቸዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለተራው ሰው ነው እንጂ ለብርቱ ስፖርተኛ አይሆንም የሚል ካለ፣ በሰኔ 2009 ፓሪስ ላይ የተደረገውን የፈረንሳይ ኦፕን የቴኒስ ፍጻሜ ያስታውስ። በአንድ ወገን ሮጀር ፌደረር ነበር፤ በ2008 መጀመሪያ ሞኖ ይዞት እንደነበር በይፋ ተናግሮ፣ ዓመቱን ሲወድቅ ሲነሣ ከርሞ የተመለሰ ሰው። በሌላው ወገን ስዊድናዊው ሮቢን ሶደርሊንግ ቆሟል፤ በዚያው ውድድር ናዳልን ያሸነፈ፣ እስከዚያ ቀን ማንም በዚያ ሜዳ ላይ ያላደረገውን ያደረገ ጎበዝ። ዋንጫውን ፌደረር ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ሶደርሊንግን ሞኖ ያዘው። ሐምሌ ላይ በአገሩ በባስታድ የተደረገውን ውድድር አሸንፎ ወጣ፤ ያ የመጨረሻው ሆነ። እመለሳለሁ እያለ ዓመታት ተቆጠሩ፤ በ2015 መጨረሻ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ መሰናበቱን አስታወቀ። በኋላ እንደተናገረው ከመጠን ያለፈ ልምምድና ጭንቀትም ነበረበት፤ ሁሉንም በቫይረሱ ማላከክ አይገባም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች፣ አንድ ሜዳ፣ አንድ በሽታ፣ ሁለት ዕጣ! አንዱ ከሌላው ይበልጥ ጀግና ስለነበረ ነው የሚል ፊት ለፊቴ ይምጣ።

ይህን የምለው እኛ ዘንድ ያላገገመ ሰው ቶሎ «ሰነፍ» ስለሚባል ነው። «ኧረ ተነሥ! አልጋ ያሳምማል፤ ልማድ አደረግኸው እኮ» እንላለን። አውስትራሊያ ውስጥ ዳቦ በምትባል ከተማና አካባቢዋ የተደረገና በ2006 የታተመ ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ሞኖን ጨምሮ በሦስት ዓይነት ተላላፊ በሽታዎች የታመሙ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከስድስት ወር በኋላ ከመቶ አሥራ ሁለት ያህሉ ገና በብርቱ ድካም ውስጥ እንደነበሩ አገኘ። ድካሙ የማን እንደሚረዝም አስቀድሞ የሚያመለክተው የሰውዬው ጠባይ ወይም የመንፈሱ ጥንካሬ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ሕመም ክብደት ነበር። ክፉኛ የታመመ ክፉኛ ይደክማል። እኛ ግን ሕመሙን ስናምን ድካሙን አናምንም። እንዲያ ስንል ደግሞ ልጁ እንዳይሰደብ ብሎ ሜዳ ይገባል።

ለመሆኑ በሕመምና በጤና መካከል ላለ ሰው ጊዜ መስጠት አናውቅም? እናውቃለን እንጂ! አራስን ተመልከቱ። አራስ በሽተኛ አይደለችም፤ ገና ጤነኛም አይደለችም። ስም አላት፤ ምግብ አላት፣ ገንፎና አጥሚት፤ የተቆረጠ ጊዜ አላት፣ ለወንድ ክርስትና አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን። ኑሮ ጨክኖባት በሳምንቷ እንጨት ለቀማ የምትወጣ እናት መኖሯን አልዘነጋሁም፤ ወጉ ግን ወግ ነው፣ የጣሰውም እንደ ጣሰው ያውቃል። በወጉ መሠረት ማንም አራስን «ምነው ሰነፈች» አይላትም። ደግሞም አርባውን ቀን ሙሉ እንደ እንጨት ተጋድማ አትውልም፤ ትነሣለች፣ ትታጠባለች፣ ቤቷ ውስጥ ትንጎራደዳለች፣ አንድ ቀን ደጅ ፀሐይ ትሞቃለች። ሐኪሞቹ ከሚቼል እስከ ዳላስ ሲዟዟሩ የኖሩበትን መካከለኛ መንገድ አራስ ቤት ከጥንት ይዞት ኖሯል። ለወለደች እናት ያወቅነውን፣ ታሞ ለተነሣ ጎረምሳ ማዋስ ነው የቀረን።

ለአክስቴ ልጅ መልሼ የደወልኩላት ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ነው። ከእናትሽ አልጋውን ተዪና ቀኑን ውሰጂ፤ ከአሠልጣኙ ሦስት ሳምንቱን ውሰጂና መነሻ እንጂ መድረሻ አታድርጊው፤ ከልጅሽ «ደህና ነኝ» የሚለውን እመኚው፣ ጣፊያውን ግን ለሐኪሙ ተዪለት አልኳት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ለልጁ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ብዙ ደከመች። ከእንቁላሉ ውስጥ ጫጩት እንደሚወጣ እስኪገባው ድረስ ሳምንት አልፏል።

ልጁ መጀመሪያ ከእናቱ ጋር ወክ አደረገ፣ ከዚያ ብቻውን ሶምሶማ ሮጠ፣ ከዚያ ሐኪሙ ፈቀደለትና ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ነካ። ለሙሉ ጨዋታ ሜዳ የገባው ሕመሙ በጀመረ በስድስት ሳምንቱ ነው። ለአክስቴ ስነግራት በጣቷ ቆጠረችና ዝም ብላ ሳቀች። ስድስት ሳምንት አርባ ሁለት ቀን ነው።